የፀሐይ ነፋስ በምድር ወገብ ፕላዝማ ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ የአዲስ አበባ፣ የአዲግራትና የጎንደር ንጽጽር

በጎንደር፣ በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ኮረብታ ላይ የጂፒኤስ መቀበያ ተክሎ መሬት የሚለካ ባለሙያ የሚጠቀምበት የሳተላይት ምልክት ወደ መሬት ከመድረሱ በፊት አዮኖስፌር የተባለውን የፕላዝማ ሽፋን ያቋርጣል። የፕላዝማው መጠን ሲለዋወጥ የልኬቱ ስሕተትም አብሮ ይለዋወጣል። ለዚህ ለውጥ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የፀሐይ ነፋስ ነው።

የፀሐይ ነፋስ በአብዛኛው ፕሮቶኖችንና ኤሌክትሮኖችን ይዞ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ፕላዝማ ነው። የምድርን መግነጢሳዊ መስክ በፀሐይ በኩል እስከ 10 የምድር ራዲየስ ያህል ርቀት ድረስ ይጨምቀዋል፤ በሌሊት በኩል ደግሞ እንደ ጅራት ያስረዝመዋል። ነፋሱ የተሸከመው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር ከምድር መስክ ጋር ይገናኛል፤ በዚህም ጊዜ ኃይል ወደ ውስጥ ይገባል።

በዋልታዎች አካባቢ ይህ ኃይል የሰማይ ብርሃን ሆኖ ይታያል። በአገራችን ግን ምልክቱ ሌላ ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍና በዚያም መስኩ አግድም ስለሆነ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኤሌክትሮጄት የተባለ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። የነፋሱ መስክ በድንገት ወደ ደቡብ ሲዞር የኤሌክትሪክ መስክ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ወገቡ ዘልቆ ጅረቱን ያጠነክራል፤ ፕላዝማውንም ወደ ላይ ይገፋል። የተገፋው ፕላዝማ የመስኩን መስመሮች ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ይህን ለመለካት አንድ ጣቢያ ብቻውን አይበቃም። በ1957–1958 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ ከኤሌክትሮጄቱ ሥር ይገኛል። ይሁን እንጂ በማዕበል ጊዜ ምድርን የሚከበው የቀለበት ጅረት የመስኩን አግድም ክፍል ይቀንሳል። በመጋቢት 17 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በደረሰው ማዕበል ቅነሳው ከ200 ናኖቴስላ በላይ ነበር፤ ኤሌክትሮጄቱ በቀትር የሚጨምረው ግን ብዙውን ጊዜ 100 ናኖቴስላ ገደማ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ መዝገብ ስለወረደ ብቻ ኤሌክትሮጄቱ ደክሟል ማለት አይቻልም። ከጅረቱ ውጪ ያለው የአዲግራት ንባብ ከአዲስ አበባው ሲቀነስ ለሁለቱ የጋራ የሆነው የቀለበት ጅረት ተጽዕኖ በአብዛኛው ይወገዳል፤ የሚቀረው የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ነው።

የኤሌክትሮጄቱ መቀነት ከመግነጢሳዊው ወገብ ግራና ቀኝ 3 ዲግሪ ያህል ይሰፋል። በሰሜን ኬክሮስ 12.6 ዲግሪ ላይ ያለችው ጎንደር በመቀነቱ ጠርዝ አካባቢ ትውላለች። የሁለቱ ጣቢያዎች ልዩነት የጅረቱን ጥንካሬ ቢያሳይም ጠርዙ የት እንደሚያበቃ አያሳይም። በጎንደር የሚተከል ማግኔቶሜትር ይህን ክፍተት ይሞላል።