አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲስ የመሥራት ወጪ

ዕድሜ የተጫነውን የጭቃ ቤቱን አፍርሶ በስፍራው የብሎኬት ቤት ለማነፅ ያሰበ የአዲስ አበባ ነዋሪ፥ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለካሬው ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ይሁን እንጂ ለባዶ ቦታ የተገባ ነው እንጂ ቤት ላለበት ቦታ አይበቃም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ያሰበው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለ መቁጠሩ የተነገረውን ምሳሌ ሰባክያን ዘወትር ያነሡታል፤ ልብ ብለን ብናየው ግን ያ ሰው የሚያፈርሰው ቤት እንደ ነበረው አልተነገረም። አፍርሶ የሚሠራ ሰው ከግንበኛው ሒሳብ በፊት ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም አሮጌው ከፈረሰበት ቀን አንሥቶ አዲሱ እስኪገባበት ድረስ በመካከል ያለው ዘመን የሚበላው ንዋይ ነው።

በዚህ ዘመን ቤተሰቡ በኪራይ ቤት ይቀመጣል፤ በግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ያከራይ የነበረ እንደ ሆነም ያን ገቢ ያጣል፤ እንዲህ ሆኖ ወጪው በአንድ ወገን ሲጨምር ገቢው በሌላው ወገን ይጎድላል። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ንሮ ሥራው ቢቆም እንኳ ኪራዩ አይቆምም። ስለዚህ ግንበኛው «በስድስት ወር እጨርሳለሁ» ቢል፥ የዓመት ኪራይ ለብቻው አስቀምጦ መነሣትን እመክራለሁ፤ ግንበኛው ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም፥ የሚቆጥረው የሥራውን ቀን እንጂ የሥራ ፈቱን ቀን ስላልሆነ ነው።

ደግሞም ያረጀ ቤት ሁሉ ለመፍረስ የተፈረደበት አይደለም። የቋሚዎቹን እግር ከምርጊቱ ገለጥ አድርጎ በቢላዋ መውጋት ነው፤ ጥድ የሆነ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ቢላዋውን አያስገባም፤ ባሕር ዛፍ ሆኖ በምስጥ የተበላ ከሆነ ግን ስለቱ እንደ ልብ ይገባል። ቋሚው ደኅና ከሆነ ምርጊቱን አድሶ፥ ወለሉን ሊሾ አድርጎ፥ ቆርቆሮውን ለውጦ መኖር፥ ከአዲሱ ቤት ወጪ ጋር ለንጽጽር እንኳ አይቀርብም።

ማፍረስ የግድ ከሆነ ፈቃዱ ይቅደም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፥ ባለይዞታው በእውነት «የኔ» ሊለው የሚችለው ቤቱን ነው፤ ቤቱን በገዛ እጁ ካፈረሰ በኋላ በእጁ የሚቀረው ካርታው ብቻ ነው። እንግዲህ የሕንፃ አዋጁ የሚጠይቀውን የግንባታ ፈቃድ ሳይጨብጡ አንዲት ቆርቆሮ መግለጥ፥ ድፍረት እንጂ ትጋት አይባልም። የመብራቱና የውሃው ቆጣሪም ከግድግዳው ጋር እንዳይናድ አስቀድሞ ይነሣ።

ማፍረሱ ራሱ ብዙ አያስወጣም፤ ጥቂት የቀን ሠራተኞች ቆርቆሮውን ገልጠው፥ ወራጁንና ማገሩን ነቅለው፥ ጭቃውን በዶማ ይንዱታል። በሥርዓት ከተፈታ እንዲያውም የሚመልሰው ነገር አለ፤ የጥድ ቋሚ፥ በርና መስኮት ገዢ አያጡም፤ ብረታ ብረቱ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ሚስማር የበሳው ቆርቆሮ ግን በርካሽ ከሚሸጥ ለሲሚንቶው መጠለያ ይሁን። ሲሚንቶ በሳንቃ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ካልተደረደረ እርጥበት ያበላሸዋል፤ ሳይበላሽ ቢቀር እንኳ ከሦስት ወር በላይ ሲቀመጥ ኃይሉ ይደክማልና፥ «ዋጋ ሳይጨምር» ተብሎ ለዓመት የሚከማቸው ሲሚንቶ ትርፉ አይታየኝም።

እውነተኛው ወጪ የሚጀምረው ከመሬት በታች ነው፤ ባለቤቱ የሚደነግጠውም በዚህ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚገኘው ጥቁር አፈር፥ ገበሬው ዋልካ የሚለው፥ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቀላሉ የጭቃ ቤት ከእርሱ ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር፥ የብሎኬት ግድግዳ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ አፈሩ ወጥቶ በሰሌክት መተካት አለበት። 8 በ10 ሜትር ለሆነ ቤት አንድ ሜትር ብቻ ቢቆፈር 80 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ ሲቆፈር ስለሚላላ በሩብ ያህል ጨምሮ ወደ 100 ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና ሰባት ጊዜ ይመላለስበታል። ሰሌክቱን ለማምጣትም ያንኑ ያህል ምልልስ አለ፤ ከዚያም በየንጣፉ ውሃ እየጠጣ መጠቅጠቅ አለበት። ይህ ሁሉ ሆኖ ለጎረቤት የሚታይ አንድ ብሎኬት ገና አልቆመም! አሮጌው የሽንት ቤት ጉድጓድ አዲሱ ኮለን ከሚያርፍበት ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ተመጥጦና ተጠርጎ በድንጋይ እስኪሞላ ድረስ ሥራው ይቆማል፤ እንግዲህ ጉድጓዱ የት እንደ ነበረ የሚያውቁ የሰፈር ሽማግሌ ካሉ፥ መሐንዲሱ ንድፉን ሳይጨርስ ይጠየቁ። ቁፋሮውም ወርኃ ጥቅምትን ይጠብቅ፤ በሐምሌ የተከፈተ መሠረት ኩሬ ይሆናል።

ከመሠረት በላይ ያለው ወጪ ለመቁጠር የሚመች ነው፤ ለአንድ ካሬ ግድግዳ ከ12 እስከ 13 ብሎኬት ይገባል፥ የተረፈውን ባለሙያው ያሰላዋል። ፌሮውን ግን ባለቤቱ ራሱ በሚዛን ይይ፤ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ቤርጋ 10 ኪሎ ከ600 ግራም ገደማ መመዘን ይገባዋልና፥ ከዚህ እጅግ ከቀለለ የተሸጠለት ቀጭን ብረት ነው። ለመጠባበቂያ ከጠቅላላው ከ15 በመቶ ያላነሰ ይያዝ እላለሁ፤ የተለመደው 10 በመቶ በመሠረቱ ቁፋሮ ብቻ ሲያልቅ አይቻለሁ።

«ፎቁን ወደ ፊት እጨምራለሁ» የሚል ሰውም መሠረቱንና ኮለኑን ከዛሬው ለፎቁ እንዲበቃ አድርጎ ማሠራት አለበት፤ በኋላ ለማጠንከር መሞከር ያለቀውን ወለል ዳግመኛ ማፍረስ ነው። ለዚያ ቀን ተብሎ ከሶሌታው በላይ የተተወው ፌሮ ለዝናብ ተጋልጦ እንዳይዝግ፥ ሳሳ ባለ የሲሚንቶ ድብልቅ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ወጪው የጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ነው፥ ፎቁ ሲጀመርም ሽፋኑ በመዶሻ ይራገፋል።