በሙላትና በጉድለት መካከል

በደጋ አገር ለሚኖር ሰው የውኃ ዳርቻ ማለት የታወቀ ስፍራ ነው። የጣና ሐይቅ በክረምትና በበጋ ከፍና ዝቅ ቢልም፣ ጠዋት የረገጡት ደረቅ መሬት ማታ በውኃ ተውጦ አይገኝም። የባሕር ጠባይ ግን ሌላ ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት የባሕር ውኃ በአብዛኛው የዓለም ጠረፍ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል። ይህም ልዩነት በኬንያ ወደብ በሞምባሳ ከ3 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በኤርትራ ወደብ በምጽዋ ግን ከ1 ሜትር ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ የምጽዋ አካባቢ ጠረፍ በብዙ ስፍራ ለጥ ያለ ሜዳ በመሆኑ፣ በጥቂቱ ከፍ ያለ ውኃ ሰፊ መሬት ያለብሳል።

በዚህ መሬት ላይ መኖር አስቸጋሪ ነው። ውኃው ሲመጣ ማዕበል ይመታል፤ ሲሄድ ፀሐይ ታቃጥላለች፤ በጭቃው ላይ የቀረው ውኃም ስለሚተን ጨውነቱ ከባሕሩ ይብሳል። እዚያ የሚኖር ፍጡር ለውኃ ብቻ ወይም ለአየር ብቻ የተዘጋጀ ቢሆን ኖሮ ፈጥኖ በጠፋ ነበር።

ስለሆነም ከእንስሳቱ ብዙዎቹ ውኃው ሲሸሽ ከእርሱ ጥቂት ይዘው ይቀራሉ። ከዓለት ጋር ተጣብቆ የሚኖረው ባርናክል በሙላት ጊዜ ላባ መሰል እግሮቹን እያወዛወዘ ምግቡን ይለቅማል፤ በጉድለት ጊዜ ጠንካራ ክዳኑን ገጥሞ እርጥበቱን ይጠብቃል። የባሕር ቀንድ አውጣም እንዲሁ የዛጎሉን በር ይዘጋል። በጭቃ ላይ በክንፎቹ እየተደገፈ የሚዘልል አንድ ትንሽ ዓሣ ደግሞ አለ፤ ቆዳው እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ በቆዳው ጭምር ይተነፍሳል።

የሸርጣን ብልሃት ከእነዚህ ይለያል። የወንዱ አንድ ጉጠት ከሌላው እጅግ የሚበልጥበት አንድ ዓይነት ትንሽ ሸርጣን ጭቃው ሲገለጥ ከጉድጓዱ ወጥቶ ይመገባል፤ ውኃው ሊመለስ ሲል ይገባና አፉን በጭቃ ይደፍናል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ሸርጣኖች ከባሕር አርቀው፣ ብርሃን በማይለዋወጥበት ክፍል ቢያኖሯቸውም፣ በጠረፉ ላይ ጉድለት በሚሆንበት ሰዓት መንቀሳቀሳቸውን ለብዙ ቀናት አልተዉም። ሰዓቱ በውስጣቸው ነው ማለት ነው።

እንስሳ ይደበቃል፤ ዛፍ ግን በበቀለበት መቆም አለበት። በምጽዋ ጠረፍ የሚገኘው ማንግሮቭ ሥሩ ያለው አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ላይ እርሳስ የመሰሉ ብዙ የመተንፈሻ ሥሮች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ በጉድለት ጊዜም በቀዳዳዎቻቸው አየር ይስባሉ። ከጨዉ አብዛኛውን ሥሩ ሳያስገባ ያስቀረዋል፤ ያለፈውን ቅጠሉ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ቅጠሉን በምላስ ቢነኩት ጨው ጨው ይላል። ፍሬውም ገና ከዛፉ ሳይወድቅ በልባሱ ውስጥ መብቀል ይጀምራል፤ ወድቆ ሲንሳፈፍ ቆይቶ ጭቃ ሲያገኝ ፈጥኖ ሥር ይሰድዳል፤ ቢዘገይ የሚቀጥለው ሙላት ጠርጎ ይወስደዋልና።

ታዲያ ይህን ያህል የተዘጋጀ ዛፍ ጠረፉን ሁሉ ያልሸፈነው ስለ ምንድን ነው? ብዙዎች ጨው የሌለው ውኃ ስለሚያስፈልገው ነው ይሉ ነበር። ጎርደን ሳቶ የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ግን ሌላ ምክንያት አሰቡ። ማንግሮቭ የሚበቅለው ከደጋው በየወቅቱ የሚወርደው ጎርፍ በሚደርስበት ስፍራ መሆኑን አይተው፣ ለዛፉ የሚጠቅመው ውኃው ራሱ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት ነው አሉ። ይህንንም ከምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በሕርጊጎ ፈተኑት። ማዳበሪያ በተበሳ የላስቲክ ከረጢት ተደርጎ ከቁራጭ ብረት ጋር በችግኙ አጠገብ ተቀበረ። ዛፍ ባልነበረበት ጠረፍ ማንግሮቭ በቀለ፤ ቅጠሉም ለበግና ለፍየል መኖ ሆነ። ሳቶ ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 የሮሌክስ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2017ም ዐረፉ። ግመልም ይህን ቅጠል አጥብቆ ስለሚወድ፣ ችግኙ እስኪያድግ ድረስ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ጥያቄዎች
፩. ባርናክልና ሸርጣን የውኃውን መምጣትና መሄድ የሚቋቋሙበት መንገድ በምን ይለያያል?
፪. የማንግሮቭ ፍሬ በዛፉ ላይ ሳለ መብቀል መጀመሩ ምን ይጠቅመዋል?
፫. ጎርደን ሳቶ ከሌሎች ግምት የተለየ ምክንያት ያሰቡት ምን ተመልክተው ነው?