የግል መረጃ እንደ ገበያ ኃይል፦ የግላዊነት ጥበቃና ውድድር በኢትዮጵያ ሕግ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ሒሳቡን በቴሌብር የሚከፍል ደንበኛ ብርም መረጃም ይሰጣል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ሁለተኛውን ነው።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር የኢትዮ ቴሌኮም፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተከተለው ኤም-ፔሳ ደግሞ የሳፋሪኮም አገልግሎት ነው። የስልክና የክፍያ መረጃ በአንድ ድርጅት እጅ ሲከማች አዲስ ተወዳዳሪ በቀላሉ የማያገኘው ዐቅም ይፈጠራል። ስለዚህ የግላዊነት ጥያቄ የውድድርም ጥያቄ ነው።

ሕጉ ግን ሥልጣኑን ከፋፍሎታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን የሚያስፈጽመው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሲሆን፣ የክፍያ አገልግሎት ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በጀርመን ተነሥቷል። የአገሪቱ የውድድር ተቆጣጣሪ በ2019 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ከልዩ ልዩ ምንጮች የሰበሰበውን መረጃ ያለ ተጠቃሚው ነፃ ፈቃድ እንዳያዋህድ ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2023 እ.ኤ.አ. የውድድር ተቆጣጣሪ የመረጃ ጥበቃ ጥሰትን ሊመዝን እንደሚችል፣ ሆኖም ከመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪው ጋር መመካከር እንዳለበት ወሰነ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገበያ የበላይነትን ሲተረጉም ከዋጋ ባሻገር ሌሎች የንግድ ድርድር ሁኔታዎችን የመቆጣጠር ዐቅምንም ያካትታል። ደንበኛው ሳይደራደር የሚቀበለው የመረጃ አጠቃቀም ውል ከእነዚህ እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባል። ትርጓሜው ፍሬ የሚያፈራው ግን ሦስቱ ተቋማት የመመካከር ግዴታ ሲጣልባቸው ነው፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ የድርሻውን ብቻ ሲመለከት፣ የተከማቸው ኃይል ከሁሉም ዕይታ ይሰወራል።