እስከሚቀጥለው ምግብ ድረስ

በካሊፎርኒያ፣ ኮሮናዶ የባሕር ዳርቻ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ጦር የሆነው የ«ሲል» ምልምሎች ሌሊት ክንድ ለክንድ ተያይዘው የፓስፊክ ማዕበል ውስጥ ይቀመጣሉ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ አሸዋው ጆሯቸው ድረስ ገብቷል። «የሲኦል ሳምንት» ይሉታል። አምስት ቀን ተኩል ይሮጣሉ፣ ይዋኛሉ፣ ጀልባ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ይጓዛሉ። የሚተኙት ተደምሮ 4 ሰዓት ያህል ነው። መተው ግን በጣም ቀላል ነው፦ ደወሉን ሦስት ጊዜ መደወል፣ በቃ! ብዙዎችም ይደውላሉ።

ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስደውለው ያለበት ብርድ ሳይሆን ገና ያልመጣው ብርድ ነው። «ገና ሰኞ ነው፣ እስከ ዓርብ እንዴት እችላለሁ?» ያለ ልጅ የቀሩትን ሌሊቶች ሁሉ ባንድ ሌሊት ተሸከመ ማለት ነው። ሳምንቱን የጨረሱ ወታደሮች ደጋግመው የሚመክሩት አንድ ነገር አለ፦ እስከሚቀጥለው ምግብ ድረስ ብቻ አስብ። በየስድስት ሰዓቱ ይበላልና ዓርብን እርሳው፤ ቁርስ አለ። ከቁርስ በኋላ ደግሞ ምሳ አለ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የጭንቀት መድኃኒት ብዙ አላውቅም!

ልብ ሲመታስ? ምልምሎቹ ትንፋሽን መግዛት ይማራሉ፦ እስከ 4 እየቆጠሩ መሳብ፣ 4 መያዝ፣ 4 ማስወጣት፣ 4 መቆየት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 174 የሲል ምልምሎችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ደስ የሚል ነገር አሳይቷል። ጭንቀት ያጠነክረኛል ብለው የሚያምኑት በሥልጠናው ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል፣ የመሰናክል ሩጫውንም ፈጥነው ጨርሰዋል። እንግዲህ ፈተና ክፍል ስትገቡ ልባችሁ ቢደልቅ «አለቀልኝ» አትበሉ። ሰውነታችሁ ለሥራ እየተነሳ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እነዚህ ልጆች ፈቅደው የገቡ፣ ሐኪም የሚከታተላቸው ናቸው። የሚደበድብ ባልን ወይም ደመወዝ የሚከለክል አሠሪን ችሎ መኖር ጥንካሬ አይደለም፤ እዚያ ደወሉን ደውሉት፣ እርዳታም ጠይቁ።

ለቀረው ግን፣ ለማትሪኩም፣ ለአዲሱ ሥራም፣ ለባዕድ አገር የመጀመሪያ ክረምትም፣ ዛሬውኑ ሞክሩት። ያስጨነቃችሁን ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሥሩ ከራት በፊት የሚያልቅ አንድ ሥራ ብቻ አስፍሩ፦ አንድ ምዕራፍ ማንበብ፣ አንድ ስልክ መደወል፣ አንድ ማመልከቻ መሙላት። የነገውን ዝርዝር አሁን አትንኩት፤ ራት በልታችሁ ትደርሱበታላችሁ። በሉ ተነሱ፣ ብዕሩን አንሱ!