ባቄላው ሳይታጨድ ስንት ኩንታል ይሰጣል?

በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ፤ ባቄላው ቆባ በያዘ ጊዜ «ዘንድሮ ስንት ይገኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በዓይን ግምት ነው። እኛ ተማሪዎች ግን በዓይን የታየውን በቁጥር መመርመር ይገባናል። ለዚህም ሜትር፤ ሚዛንና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ፍሬው መጠንከር ሲጀምር ወደ ማሳው እንገባለን። ከዳሩ ራቅ ብለን፤ ያማረውን ቦታ ሳንመርጥ፤ በአምስት ሥፍራ አንዳንድ ካሬ ሜትር እንለካለን። በካሬው ውስጥ ያሉትን ተክሎች፤ በየተክሉ ያሉትን ቆባዎች፤ በየቆባው ያሉትን ፍሬዎች ቆጥረን አማካያቸውን እናወጣለን። ቀጥሎም 100 ፍሬ አድርቀን እንመዝናለን።

ለምሳሌ በካሬ ሜትር 20 ተክል፤ በተክል 8 ቆባ፤ በቆባ 2.5 ፍሬ ተገኘ እንበል። ሦስቱን ስናባዛ 400 ፍሬ ይሆናል። የ100 ፍሬ ክብደት 50 ግራም ከሆነ፤ ካሬ ሜትሩ 200 ግራም ይሰጣል ማለት ነው። ግራሙን ለ10 ስናካፍል በሔክታር 20 ኩንታል እናገኛለን፤ አራት ጥማድ አንድ ሔክታር ነው ብለን ካሰብንም በጥማድ 5 ኩንታል ይደርሳል።

ይህን ግምት የምንፈትንበት ሌላ መንገድ አለ። በአገራችን የግብርና ናሙና ጥናት እንደሚደረገው፤ ሰብሉ ሲደርስ 4 በ4 ሜትር ቦታ ለክተን፤ አጭደን፤ ወቅተን እንመዝናለን። ቆጠራችን ትክክል ከሆነ ከ16ቱ ካሬ ሜትር 3.2 ኪሎ ግድም ይገኛል። በአጨዳና በውቂያ የሚባክነውን ግን መቀነስ ያሻል።

አኩሪ አተር እንደ ፓዌና ጅማ ያለውን ሞቃት አገር ይወዳል፤ ቢሆንም እንደ ባቄላ ቆባ የሚይዝ በመሆኑ የሒሳቡ መንገድ አንድ ነው።

ትልቁ ስሕተት ያማረውን ጥግ ብቻ መቁጠር ነው። በዚያ ጥግ 8 የነበረው ቆባ 12 ቢሆን፤ 20ው ኩንታል በወረቀት ላይ 30 ይሆናል። በዚህ ግምት የተበደረ ገበሬ ዕዳውን የሚከፍልበት እህል ያጣል፤ ወረዳውም ጠግቧል ተብሎ ይታለፋል።

በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የወሎን ረሃብ በፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ ሲያሳዩ፤ ሕዝቡ አስቀድሞ በማለቅ ላይ ነበር። ፎቶግራፍ የሚያሳየው የደረሰውን ነው፤ በማሳ ላይ በታማኝነት የተደረገ ቆጠራ ግን ገና የሚመጣውን ያመለክታል። ስለዚህ፤ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ቁጥሩ ደስ ባያሰኝም እንዳገኘነው እንጻፈው።