ርእሰ መምህራን የፕሮጀክት ትምህርትን እንዴት ይጀምሩ?

ጌታችን ወደ ኤማሁስ ይሄዱ ከነበሩት ሁለት ደቀ መዛሙርት ጋር በተጓዘ ጊዜ ትምህርቱን የጀመረው በጥያቄ ነበር። የልባቸውን አዳመጠ፤ ከዚያም መጻሕፍትን ተረጐመላቸው። ስለ ፕሮጀክት ትምህርት ስናስብም መነሻችን ይኸው መንገድ ነው።

የፕሮጀክት ትምህርት ማለት ተማሪዎች አንድን እውነተኛ ጥያቄ ይዘው ለሳምንታት በመመርመር፣ በመሥራትና ውጤቱን ለሌሎች በማቅረብ ዕውቀት የሚገበዩበት ዘዴ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዊልያም ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1918 በጻፈው ጽሑፍ ዘዴው በሰፊው ታወቀ። በሀገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር።

ይሁን እንጂ መልካም ሐሳብም በችኮላ ሲገባ ይጎዳል። በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሰውን አካል ክፍሎች በካርቶንና በቀለም ሠርተው እንዲያመጡ ታዘው እንደነበር እናስታውሳለን። ከፍተኛውን ማርክ ያገኙት ወላጆቻቸው ከፍለው ያሠሩላቸው ሲሆኑ፣ አንዲት የቀን ሠራተኛ ልጅ ግን የካርቶን መግዣ አጥታ ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረች። ይህ ድኻን ማሳፈር እንጂ ማስተማር አልነበረም።

እንግዲህ ርእሰ መምህሩ የሚከተሉትን ያስተውል።

አንደኛ፣ በትንሹ ይጀምር። ሁለት ወይም ሦስት ፈቃደኛ መምህራን በአንድ ክፍል የሦስት ሳምንት ሥራ ይሞክሩ። በየሳምንቱም አብረው የሚያቅዱበት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጣቸው፤ ጊዜ ሳይሰጡ ማዘዝ ሸክም መጨመር ነውና።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከመማሪያ መጽሐፉና ከአካባቢው ይውጣ። ለምሳሌ «የግቢያችን ቧንቧ ምን ያህል ውሃ ያባክናል?» ብለው ተማሪዎች ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ባልዲ ያኑሩ። በሰዓት 1 ሊትር ቢጠራቀም በቀን 24፣ በ30 ቀን 720 ሊትር ይሆናል። ስሌቱ የሒሳብ፣ ቧንቧው እንዲጠገን ለቁምስናው ምክር ቤት የሚጻፈው ደብዳቤ የአማርኛ፣ ውሃ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ማሰብ ደግሞ የግብረ ገብ ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ ዕቃውን ትምህርት ቤቱ ያቅርብ፤ ሥራውም በክፍል ውስጥ ይሠራ። ስድሳ ተማሪዎች ቢኖሩ አምስት አምስት ሆነው፣ ለእያንዳንዳቸው የሥራ ድርሻ ይሰጣቸው።

አራተኛ፣ ማርክ ለዕቃው ውበት አይሰጥ። እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውንና የተረዳውን በደብተሩ ይጻፍ፤ በቃሉም ያስረዳ።

አምስተኛ፣ ወላጆች አይዘንጉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ ወላጆች የልጆቻቸው ቀዳሚ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስተምሯል። ስለዚህ ዓላማው አስቀድሞ ይነገራቸው፤ በመጨረሻውም ቀን መጥተው ልጆቻቸውን ያዳምጡ።

መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስም በዚሁ መንገድ መጠቀም ይችላሉ። ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ልጆች «በሠፈራችን ብቻውን ታሞ የተኛ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁና ከአስተማሪያቸው ጋር ሄደው ቢጎበኙ፣ ስለ ምሕረት ሥራ የተማሩትን አይረሱም።

ለውይይት፦ በትምህርት ቤታችን ልጆቻችን ራሳቸው መርምረው መልስ ሊያገኙለት የሚችሉት ጥያቄ የትኛው ነው? በዚያስ ሥራ ከሁሉ ድኻ የሆነው ልጅ ምን ድርሻ ይኖረዋል?