ሐይቅ ከሰማይ ስትታይ፦ የሳተላይት ምስል እንዴት ይነበባል?

እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ለክፍል ሥራ ስለ ከተማዬ መስፋፋትና ስለ አምባሰል ተራሮች መራቆት ልጽፍ ሁለት የሳተላይት ምስሎች ጎን ለጎን ከፈትኩ። የድሮው አረንጓዴ፣ የቅርቡ ቡናማ ነው። «ደኑ አለቀ!» ብዬ ርዕስ ሰጠሁ። ላስረክብ ስል ቀኑን አየሁት፤ አንዱ የመስከረም፣ ሌላው የየካቲት! ለካ ያለቀው ክረምቱ ኖሯል።

ለመሆኑ ሳተላይት የሚያየው ምንድን ነው? የአሜሪካው ላንድሳት የመጀመሪያ ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ከ2008 ወዲህ ምስሎቹ በነፃ ይገኛሉ። ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ግን መልሶ ያንጸባርቃል። ባለሙያዎች የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው አካፍለው ከ-1 እስከ 1 ያለ ቁጥር ያወጣሉ። ወደ 1 ሲጠጋ ቦታው ለምለም ነው ማለት ነው።

ችግሩ ግን ቁጥሩ የዛፉን ስም አይናገርም። ወይራም፣ ባሕር ዛፍም፣ ያልደረሰ ጤፍም አረንጓዴ ናቸው። ከተማን መለየትም ቀላል አይደለም። የላንድሳት አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነች፣ ቤቱም ጓሮውም ተደባልቆ አንድ ቀለም ይሆናል። የሳር ጣሪያ በቆርቆሮ ሲለወጥም አዲስ ሰፈር የተሠራ ሊመስል ይችላል።

የእኛው ወሎ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ዘመን የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ይዘው በ1997 ያንኑ ሥፍራ እንደገና አነሡ። ሁሉም ደን ጠፋ በሚልበት ጊዜ፣ እሳቸው በብዙዎቹ ቦታዎች ከድሮው የበለጠ ዛፍ አገኙ። በአንጻሩ የቃሉ ወረዳን የ1958 እና የ1986 የአየር ፎቶዎች ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ቁጥቋጦው ቀንሶ የተራቆተው መሬት መጨመሩን አሳይተዋል። ቦታውና ዘመኑ ሲለያይ መልሱም ይለያያል።

እኔም ሁለቱንም ምስሎች ከየካቲት ወር መርጬ ሥራውን ደገምኩት። ከተማዋ በደሴ–ወልድያ መንገድ ግራና ቀኝ ሰፍታለች። ዳገቱ ላይ ግን አረንጓዴው ጨምሯል። ደስ ብሎኝ ለአያቴ ባሳያቸው ሳቁ። ያ አረንጓዴ እሳቸው የተከሉት ባሕር ዛፍ ነው፤ ቋሚው እየተሸጠ እኔ የተማርኩበት። የልጅነታቸው ወይራ ግን ከቦታው የለም። ይህን ምስሉ አልነገረኝም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የተመሳሳይ ወር ምስል እናነጻጽር፤ ከሁለት ይልቅ የብዙ ዓመታት ምስል እንይ፤ ከዚያ ተነሥተን ቦታው ድረስ እንሂድና ሰው እንጠይቅ። ርዕሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።